የሞተሪኖው መቀናጆ

እኔን "በሽታ አለብህ ወይ?" ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አለብኝ። አርፎ መቀመጥ አይሆንልኝም። ስብሰባ ላይ እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ይወጣል፤ ምን እንደምናገር የማስበው ከቆምኩ በኋላ ነው። የቆቦ ሰው ይህን ጠባዬን ስለሚያውቅ የገበሬ ማህበራችን ሊቀመንበር "አስተያየት ያለው?" ብሎ ሲጠይቅ እኔ ወዳለሁበት አያይም ነበር። እኔ ደግሞ እጄን ብቻ ሳይሆን ድምፄንም ስለማወጣ አለማየቱ ብዙም አልጠቀመውም።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ሁላችንም ጓድ ነን። ማህበራችን አንድ ትራክተር ነበረው። ከመሬት አዋጁ በፊት የአንድ ባለሀብት እርሻ ላይ ሲያርስ የኖረ፣ ሰውዬው ሲወረስ ለኛ የደረሰ፣ ቀለሙ በአንድ ወቅት ቀይ እንደነበር ሰው ካልነገራችሁ የማታውቁት ትራክተር ነው። "ሽማግሌው" እንለዋለን። ሲነሳ ያቃስታል፣ ያስላል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። አንዴ ከተነሳ ግን ጎበዝ አራሽ ነው።

በዚያ ዓመት በጋ ላይ ስብሰባ ተቀምጠን "ለመጪው ዘር መሬቱ በምን ይታረሳል?" የሚል ጥያቄ ተነሳ። እጄ ወጣ። "በሽማግሌው!" አልኩ። ሊቀመንበሩ ሳይወድ ወደኔ ዞሮ "ለመነሳቱ ማን ኃላፊነት ይወስዳል?" ሲል "እኔ!" አልኩ። ጭብጨባው ቀለጠ። ስለ ሞተር የማውቀው እኮ ደሴ አንድ ጋራዥ በር ላይ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አውቶቡስ ስጠብቅ የሰማኋቸውን ቃላት ብቻ ነው። ቃላቱን ግን በደንብ ነው የያዝኳቸው። "ፍሪሲዮን"፣ "ሞተሪኖ" እያልኩ ስናገር የሰማኝ ሰው ጋራዥ ውስጥ የተወለድኩ ነው የሚመስለው።

ነገሩ በጭብጨባ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አማቴ እማ ዘሃራ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ሰምተውኛል። እማ ዘሃራ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሬታቸውን በሁለት በሬዎቻቸው እያሳረሱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ከልጆቻቸው አንዷን ለኔ ድረውልኛል። በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩና "በሬዎቹን ከወንድምዎ ከብቶች ጋር ወደ ዞብል ይስደዷቸው፤ ሣር ጠግበው ይምጡ። መሬትዎን እኔ በትራክተር አሳርስልዎታለሁ" አልኳቸው። ማን ጠየቀኝ? ማንም።

"አማቼ፣ እርግጠኛ ነዎት?" አሉኝ።

"ወላሂ!" አልኩ።

በሬዎቹ ወደ ዞብል ተራራ ሄዱ፤ ቶሎ የሚመለሱበት ቦታ አይደለም።

የራያን ቆላ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ዝናቡ የሚዘንበው ለደጋው ነው፤ ለኛ የሚደርሰን ጎርፉ ነው። ከተራራው ሲወርድ ሰዉ አካፋውን ይዞ ይወጣና በአፈርና በቅጠል ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። መሬቱ ጠጥቶ ይረካል። ከዚያ በኋላ ፀሐይና ንፋስ እስኪያደርቁት ድረስ ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ አርሶ ማሽላውን የዘራ ዘራ፣ ያልዘራ ዓመቱን ሙሉ የሰው እጅ ያያል።

ጎርፉ መጣ፤ ጠለፍነው፤ መሬቱ ጠገበ። ሹፌራችን ሞላ ሽማግሌው ላይ ወጣ። ሞላ የእድሜ ልክ ጓደኛዬ ነው፣ ሰርክ ረጋ ያለ፤ የምንጣላውም በዚሁ ነው። ቁልፉን ዞር አደረገ። "ጠቅ" አለ። ደግሞ ዞር አደረገ። "ጠቅ።"

"ሞተሪኖው ነው" አልኩ፣ ከቃላቶቼ አንዱ ቦታውን ስላገኘ ደስ ብሎኝ። ሞተሪኖ ማለት ትልቁን ሞተር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ትንሹ ሞተር ነው። እሱ ራሱ ተኝቷል።

ጅጌ ጠራን። ለእርሻና ለአጨዳ እንደሚደረገው ጀማው ተሰብስቦ እየዘፈነ ትራክተሩን ይገፋ ጀመር። መሬቱ ጭቃ ነው፤ ጎማው አንድ ክንድ ሲሄድ የሰዉ እግር እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል። ዘፈኑ እየደመቀ ሄደ፣ ትራክተሩ ግን እዚያው ነው። አካባቢው ላይ የቀሩትን ጥቂት በሬዎች አምጥተን ብንጠምድለት አንዱ በሬ ተኛና አልነሳም አለ።

"ልፍታው!" አልኩ። "ረጋ በል" አለ ሞላ። እሱ ረጋ በል ሲለኝ እኔ ቡሎኑን መፍታት ጀምሬያለሁ። ሞተሪኖውን ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ ስከፍተው አንዲት የሽቦ ጥቅል ዘልላ ወጣችና ጭድ ውስጥ ገባች። ግማሹ ማህበር ተንበርክኮ ሲፈልጋት ዋለ። ስትገኝም ችግሩ ሌላ ሆነ፤ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፉት ካርቦኖች አልቀው ትራፊያቸው ብቻ ቀርቷል። አዲስ ካርቦን ያለው ደሴ ነው። ደሴ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለወረቀቱ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው።

ዝም ብዬ ልቀመጥ? የማህበሩን ሬዲዮ ከፈትኩና ባትሪ ድንጋዮቹን አወጣሁ። እነሱን ሰንጥቄ ከውስጣቸው ያለውን ጥቁር ዘንግ በሞረድ ቀርጬ ካርቦን ሠራሁ። ለራሴ ይህን ያህል ብልህ መሆኔን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ሞተሪኖውን ገጥመን ሞላ ቁልፉን ሲያዞር "ጥርርር" አለ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ከእልልታው ጋር ጭስ ወጣ፤ ከጭሱ ጋር የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ። ከዚያ በኋላ "ጠቅ" ማለቱንም ተወው። ማህበሩም ሞተሪኖውንና ሬዲዮውን በአንድ ቀን አጣ።

እማ ዘሃራ እንደ ሌላ ሰው አይደሉም፤ ሲናደዱ ድምፃቸው ይለሰልሳል። ሲመሽ መጡና ከመሬታቸው ጨብጠው ያመጡትን አፈር መዳፋቸው ላይ አሳዩኝ። "አማቼ፣ እርጥብ ነው እስካሁን። አብሽሩ" ብለው ሄዱ። አይዞዎት ማለታቸው ነው፤ ድምፃቸው ግን ሌላ ይል ነበር።

በማግስቱ ሞላ ወሬ አመጣ። ወደ ጎብዬ በኩል ያለው ማህበር የኛው ዓይነት ትራክተር አለው፤ ሞተሪኖው ደህና ነው፤ ባትሪው ግን ሞቷል። እነሱም እንደኛ ቆመዋል። የኛ ባትሪ ደህና ነው፤ የነሱ ሞተሪኖ ደህና ነው። ይህን የሰማ የቆላ ገበሬ ምን ያስባል? በሬ ነዋ የሚያስበው! አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጋር ተቀናጅቶ ተራ በተራ እንደሚያርሰው እኛስ ለምን አንቀናጅም?

"መቀናጆ!" ብዬ ጮህኩና መልስ ሳልጠብቅ ወደ ጎብዬ ሮጥኩ።

የዚያ ማህበር ሊቀመንበር አያ እንድሪስ ጺማቸውን ሂና የተቀቡ፣ በመቀናጆ ክርክር ዳኝነት የሸበቱ ሰው ናቸው። ግራር ሥር አስቀምጠውኝ ውሉን ልክ እንደ በሬ ውል አንድ በአንድ አስኬዱት። ተራው እንዴት ነው? በማን ቤት ያድራል? በመንገድ ላይ ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል?

"እጅህ ላይ ቢሞትስ?" አሉኝ።

"ሞተሪኖው?"

"አዎና። ቢሞት ቆዳው የማን ነው?"

"የእርስዎ ነው፣ አያ እንድሪስ" አልኳቸው። እሳቸውም "እንግዲያው ተቀናጅተናል፤ አላህ ያሳምረው" ብለው እጄን መቱ።

ሞተሪኖውንና ባትሪውን የምታመላልስ አህያ ተመደበች። በአንድ ጎኗ ሞተሪኖው፣ በሌላው ባትሪው ይሰቀላል፤ ክብደታቸው ስለሚቀራረብ ጭነቱ አያዘነብልም። አህያዪቱን የምነዳው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይሆናል? በመጀመሪያው ጉዞ ለሚዛን ብዬ የጫንኩት የነሱ የሞተ ባትሪ ሲወዛወዝ ከክዳኑ ውኃ የሚመስል ነገር ይረጫል። ውኃ መሰለኝና ሱሪዬ ላይ ጠራረግኩት። አሲድ የሚባል ቃል ከዚያ ጋራዥ በር ላይ አልሰማሁም ነበር። ቆቦ ስደርስ ሱሪዬ ወንፊት ሆኗል። እማ ዘሃራ ማሳው ዳር ቆመው ነበርና ሲያዩኝ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አማቿ በቀዳዳ ሱሪ ፊቷ የቆመባት ሴት ሌላ ምን ታደርጋለች? እኔም በአህያዋ ተከልዬ ሄድኩ።

ቢሆንም ሽማግሌው ተነሳ! አቃሰተ፣ አሳለ፣ ተፋ፣ ተነሳ። እየሠራ ሳለ ሞተሪኖውን ፈታሁ፣ ባትሪውንም አወረድኩ፤ ከተነሳ በኋላ ሁለቱም አያስፈልጉትማ። አህያዋን ጭኜ ወደ ጎብዬ ተመለስኩና የነሱንም አስነሳን። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ማህበር አንድ ሕግ ወጣ፤ ትራክተሩ አይጠፋም። ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። ሞላ ምሳውን ወንበሩ ላይ ይበላል፤ ሲደክመው ሌላ ሰው ይተካዋል፤ ትራክተሩ ሥራ ባይኖረውም እዚያው ቆሞ ያጓራል። የናፍጣ በርሜላችን ሲጎድል ዓይኔ እያየ ነው።

ቅደም ተከተል ሲወጣ ደግሞ እጄ አላረፈችም። "የአማቴ መሬት መጨረሻ ይሁን፤ ለዘመዱ አደላ እንዳይባል!" አልኩ። እንደገና ተጨበጨበልኝ። እማ ዘሃራ አላጨበጨቡም።

ሕግ ማውጣት ቀላል ነው። ዓርብ ጎብዬዎች ለጁምዓ ሰላት ሲሉ የነሱን አጠፉት፤ የትራክተሩ ጩኸት የኢማሙን ስብከት፣ ኹጥባውን፣ ዋጠው። እኔም እሰግዳለሁና ምን እላለሁ? የነሱን ለማስነሳት ባትሪውም ሞተሪኖውም እዚያው ስለነበሩ እንኳን ተገላገልኩ። በማግስቱ በኛ ማሳ አጠገብ ቀብር አለፈ። ሞላ ሬሳ ሲያልፍ ሞተር ማስጮህ ነውር ነው ብሎ አጠፋውና ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ልክ ነው፤ ሟቹም ጥሩ ሰው ነበሩ። እኔ ግን ቀብሩን ትቼ አህያ ፍለጋ ሮጥኩ። ከዚያ ደግሞ ሞላ የፍሪሲዮኑን መርገጫ ቶሎ ለቀቀውና ትራክተሩ ተንፈራግጦ ጠፋ። በእያንዳንዱ ጊዜ ጎብዬ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ቡሎን መፍታት፣ ማሰር፣ መፍታት። አህያዋ መንገዱን ለምዳ ቀድማኝ መሄድ ጀመረች። እንቅልፌ ውስጥ ቡሎን እፈታለሁ፤ ሚስቴ "ጆሮዬን ቡሎን መስሎህ እንዳትፈታው" ብላ ከልጆቹ ጋር መተኛት ጀመረች።

እንዲህ እንዲህ እያልን የሁሉም መሬት ታርሶ የቀረው የእማ ዘሃራ ብቻ ሆነ። ንፋሱ ተነስቷል። በየጠዋቱ አፈሩን ጨብጠው ያሳዩኛል፤ መጀመሪያ ሲጨብጡት ይጠቀለል ነበር፣ አሁን ጠርዝ ጠርዙ መፍረስ ጀምሯል። "አማቼ፣ ዛሬ ይደርሰኛል አይደል?" ይሉኛል፣ ድምፃቸው ከአፈሩ ይልቅ ለስልሶ። እኚህ ሴት በሬዎቻቸውን የሰደዱት በኔ ቃል ነው።

በዚያች ቀን ሞላ የሌሎቹን የመጨረሻ ማሳ ጨርሶ ወደ እማ ዘሃራ መሬት ሲዞር፣ መኪና መጣና ካድሬው ወረደ። የግብርናውን ድል ለማክበር ነው አመጣጡ። ሕዝቡ ተሰበሰበ። ካድሬው ንግግር ጀመረ፤ ከአፉ እንቅስቃሴ በስተቀር ምንም አልሰማንም።

"አጥፋው!" አለ፣ ይህንን ግን በእጁ ጭምር ስላለው ገባን።

እኔ ሮጬ ጆሮው ሥር ሄድኩ። "ጓድ፣ ከጠፋ አይነሳም!"

"ምን ማለት ነው አይነሳም? የሰፊው ሕዝብ ንብረት ትእዛዝ አይሰማም?"

"ሞተሪኖው ጎብዬ ነው፣ ጓድ።"

"ጎብዬ ምን ያደርጋል?"

"መቀናጆ ነው።"

ካድሬው ከላይ እስከታች አየኝ፤ ዓይኑ ሱሪዬ ላይ ሲደርስ ቆየት አለ። "መቀናጆ የድሮው ሥርዓት ርዝራዥ ነው" አለና ወደ ሞላ ጣቱን ቀሰረ። ሞላ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬቱን አየሁ። አጠፋው። ቀናት ሙሉ ያልሰማነው ጸጥታ ሜዳው ላይ ወረደ፤ ወፍ ስትጮህ እንኳ ደነገጥን። ካድሬው ስለ ዘመናዊ መሣሪያ አስፈላጊነት ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ "አሁን ወደ ሥራ!" ብሎ ክንዱን አነሳና መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። የቆመ ትራክተር ከብበን ቀረን።

እማ ዘሃራ ከማሳቸው አንድ ጭብጥ አፈር አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ያን ጊዜ አህያም አልጠበቅኩም፤ በእግሬ ሮጥኩ።

ጎብዬ ስደርስ አያ እንድሪስ ራሳቸው ትራክተሩ ላይ ተቀምጠው ሲያርሱ አገኘኋቸው። "ሞተሪኖውን!" አልኩ ትንፋሼ ተቆራርጦ።

"ዛሬ የኛ ተራ ነው፤ ቢጠፋብኝስ በምን አስነሳለሁ? ውል ውል ነው" አሉ ከላይ ሆነው።

ያኔ ነው የፈረስኩት። "አያ እንድሪስ፣ የአማቴ መሬት እየደረቀ ነው። በሬዎቻቸውን ወደ ዞብል ያሰደድኩት እኔ ነኝ" አልኩና አለቀስኩ። በሰው ፊት ሳለቅስ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

አያ እንድሪስ ፊታቸው ተለወጠ። "የአማትህ ነው? ያረቢ! ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ አህያ ስትነዳ ለምን አልነገርከኝም? በአማት ፊት ተዋርዶ መኖር ምን መኖር ነው?" ካሉ በኋላ አሰብ አደረጉና "ሞተሪኖውን ተወው። ትራክተሩ ራሱ ይሂድ። ውጣ!" አሉኝ። እሳቸው እየነዱ፣ እኔ ጭቃ መከላከያው ላይ ተንጠልጥዬ፣ አስፋልቱን ይዘን ወደ ቆቦ ከነፍን። ጎብዬ ያደረችው አህያችንም ሞተሪኖውንና ባትሪውን ተሸክማ ከሰው ጋር ከኋላችን ትመጣለች፤ ለሽማግሌው ማስነሻ መሆኑ ነው።

እማ ዘሃራ ማሳ ደርሰን አያ እንድሪስ ማረስ ሲጀምሩ ጀማው በደስታ ጮኸ። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። መሬቱ ሰፊ ነው፣ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች፤ አንድ ትራክተር ይጨርሰዋል? አህያዋ ስትደርስ ሞተሪኖውን አወረድኩና ሽማግሌው ሥር በደረቴ ገባሁ። ቡሎኑ አልገጥም አለ። ተሳደብኩ፤ መፍቻው ከእጄ አመለጠ፤ ተሳደብኩ።

ከጎኔ እግር አየሁ። እማ ዘሃራ ናቸው።

"አማቼ" አሉ፣ በጣም፣ በጣም ለስልሰው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ስለ መኪና አላውቅም። ይኸ የሚሄደው፣ ያንን የቆመውን በገመድ ቢጎትተውስ? አይነሳም?"

ሞላ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ትክ ብሎ አያቸው። አያ እንድሪስ አጠገባችን ሲያልፉ ሰምተው ትራክተሩን ሳያጠፉ አቆሙና ጺማቸውን ያዙ። እኔም በሆዴ እንደተኛሁ ያመላለስኩትን መንገድ ሁሉ አሰብኩ፤ አህያዋን፣ ሱሪዬን፣ ቀብሩን ጥዬ የሮጥኩትን። አንዱ ትራክተር በተነሳ ቁጥር ሌላውን ጎትቶ ማስነሳት ይችል ነበር። ሞተሪኖው ከጎብዬ መውጣት አያስፈልገውም ነበር።

"በሬ በሬን ጎትቶ አያስነሳም እኮ" አሉ አያ እንድሪስ በመጨረሻ፣ ሁላችንንም ከሐፍረት ለማዳን። "እኛ በበሬ ነው ያሰብነው።"

ገመድ ታሰረ። አያ እንድሪስ ሳቡት፤ ሞላ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፤ ሽማግሌው አንዴ አቃሰተ፣ ተነሳ። ሁለቱ ትራክተሮች ከዚህና ከዚያ ጫፍ ተነስተው መሬቱን መሀል ላይ ተገናኝተው ጨረሱት። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። እማ ዘሃራ ማሽላቸውን በራሳቸው እጅ ዘሩት፤ እኔ የዘሩን ቁና ተሸክሜ ከኋላቸው ተከተልኩ። ስንጨርስ ወደኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ አፈር አለ፤ ደስ ብሏቸዋል፤ ያን ያህል ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። "አላህ እድሜዎን ያርዝመው፣ አማቼ። ልጆችዎን ያሳድግልዎት። ጤናዎን ይስጥዎት" አሉ።

"አሜን" አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

"በሚመጣው ጎርፍ ደግሞ" አሉ፣ እንደዚያ ለስልሰው፣ "እባክዎን አይርዱኝ።"

"አሜን" አልኩ፣ ከልቤ።